እናቴ የመረጠችው ዘር

መጋረጃው ቀኑን አይመልስም። ከእኔ በፊት በዚህ ክፍል የኖረች ሴት አሮጌ አንሶላ ለሁለት ቀዳ ገጥማ የሰፋችው ነው፣ መሃሉ ላይ ስፌቱ ሳስቷል፣ ፀሐይ በዚያች ስንጥቅ ገብታ ደረቴ ላይ ትጋደማለች፤ ከሁለታችን የምትተኛው እሷ ናት። ሌሊት ስለምሠራ ቀን እተኛለሁ፣ እተኛለሁ ስል እጋደማለሁ ማለቴ ነው፣ ደህና እንቅልፍ በዓይኔ ከዞረ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሸለብ ሲያደርገኝ በቆሎው ይመጣል። በዓይኔ ያላየሁት በቆሎ፣ በስልክ የነገሩኝ። አንዱ አገዳ ከሰው ራስ በላይ ወጥቶ፣ አጠገቡ ያለው ከጉልበት ሳያልፍ ቀርቶ፣ ሦስተኛው ያፈራ መስሎ ሲገልጡት አውራ ጣት የምታህል ቆረቆንዳ ብቻ። እናቴ በመሃሉ ትሄዳለች፣ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ። እናቴ እጇን አጣምራ ሄዳ አታውቅም፣ ወይ ትነቅላለች ወይ ታቃናለች ወይ ልጄን ትይዛለች። እነቃለሁ። ፀሐይዋ ከደረቴ ወርዳ ሆዴ ላይ ተኝታለች።

ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ወረቀት ሰጡኝ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ እንዲህ ተሰማሽ፣ ምን ያህል ጊዜ እንዲያ ተሰማሽ ይላል፣ ከጎኑ አራት አራት ሳጥን፤ ክፍሉን የምትጋራኝ ጓደኛዬ እየተረጎመችልኝ ሞላሁት። ራስሽን ጥፋተኛ አድርገሽ ታያለሽ ወይ የሚል ነበረበት። ዘወትር የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግሁ፣ ነርሷ አየችውና በጣም ደግ በሆነ ድምፅ ብዙ ሰው እንደዚያ እንደሚሰማው፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ እውነት እንዳልሆነ ነገረችኝ። እውነት ሲሆንስ የሚል ሳጥን የለም። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን ሁሉ አየሁ፣ የለም።

የክፍል ጓደኛዬን ሬዲዮ ነው የምላት፣ እሷም ታውቃለች፣ አትቀየምም። እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች። ዛሬ ጠዋት ጫማዋን እያሰረች ከስልኳ አነበበችልኝ፤ የአገራችን ኢኮኖሚ እያገገመ ነው ይላል፣ ዝግ ያለ ነው ይላል፣ ግን እያገገመ ነው። ቀና ብላ ፊቴን አየች። «አንቺስ መቼ ነው የምታገግሚው?» አለችኝና ወጣች። እንዲህ ያለ ወሬ አባቴም ቀደም ብሎ ሰምቷል፣ በትንሿ ሬዲዮው ማታ ማታ ይሰማል። ታሞ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የራሱን ግቢ ነው የሚዞረው፣ ከዚያ አጥር እስከ አጥር፣ ከዚያ እስከ መንገድ፣ እኛ ጋ እስኪደርስ ገና ብዙ ይቀረዋል ብሎኝ ነበር። ሳቅሁለት። ያኔ በቆሎው ገና ቡቃያ ነበር፣ አሁን ቢለኝ አልስቅም፣ አሁን ግን እሱም አይለኝም። የግብርና ባለሙያዋ ለሞተር ብስክሌቷ ነዳጅ ስለማይሰጧት ወደኛ መውረድ ካቆመች ሁለት ክረምት አልፏል። ማዳበሪያ ከዝናብ በኋላ ይመጣል፣ ለሚመጣው ዓመት የመጣ ይመስል። ከተማ ለግንባታ የሄዱት ወንዶች ፎቁ አምስተኛው ላይ ቆሞ ቀረ እያሉ ተመልሰዋል፣ የተመለሱት ማለቴ ነው፣ የልጄ አባት ካልተመለሱት ነው፣ ስልኩም ከእሱ ጋር አልተመለሰም።

እኔ የሆቴል አንሶላ በሚታጠብበት ቤት ነው የምሠራው። የታጠበው ርጥብ አንሶላ በጋሪ ይመጣል፣ ሁለት ሰው ጥግና ጥጉን ይይዛል፣ ይዘረጋል፣ የጋለው ሲሊንደር አፍ ላይ ያስጠጋል፣ ሲሊንደሩ ይውጠዋል፣ በወዲያ በኩል ደርቆና ተተኩሶ ይወጣል። እጅ ከአንሶላው ጋር እንዳይገባ በስተመጨረሻ መልቀቅ አለ፣ ሁሉ ነገር እሱ ነው፣ በትክክለኛዋ ሰዓት መልቀቅ። እኔ ጎበዝ ነኝ። ዝም ብዬ ስለምሠራ አሠሪው ይወደኛል፣ ሲወደኝ ግን ሌሊት አይጨምርልኝም፣ እዚህም እንግዳው እንደ ድሮው አልተመለሰም። ፈረቃ የሚነገረን በስልክ ነው፣ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች፣ አረንጓዴ ከሆነ ትገቢያለሽ፣ ግራጫ ከሆነ ቤትሽ ተቀመጪ። ስጀምር ሳምንቱ ስድስት አረንጓዴ ነበረው። ባለፈው ክረምት ልክ እነሱ ለዘር ሲዘጋጁ ሁለት ቀረ። ማንን ትጠይቂያለሽ፣ የምትጠይቂው ሰው የለም፣ ማዕዘኑን ስትነኪው ትንሽ ይርገበገብና ግራጫው ግራጫ ሆኖ ይቀራል።

ከወደ መጀመሪያው ላስበው። በየቀኑ ከመሃሉ እየጀመርኩ ነው የሚጠፋብኝ። እኔ የወጣሁበት ዓመት ክፉ ነበር፣ ያኔ የዘሩን ጎተራ በላነው። እናቴ ለሃያ ዓመት እየመረጠች ያቆየችውን በቆሎ፣ ከምድጃው በላይ በጭስ የተሰቀለውን፣ አንድ በአንድ አውርዳ ፈለፈለችው፣ ልጄ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ ወተት የላትም፣ በላነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ክረምት አባቴ የሚዘራው አልነበረውም። ወይ የፋብሪካውን ምርጥ ዘር በፓኬት መግዛት፣ ወይ መሬቱን ለሌላ አራሽ ሰጥቶ ከተማ ገብቶ ዘበኛ መሆን። አባቴ ዘበኛ። የሰው በር ላይ በርጩማ ይዞ። ዕቁብ እጣ የወጣልኝ ያን ሰሞን ነበር፣ ሰደድኩለት፣ ፓኬቱን ገዛ።

ጀርባው ላይ የተጻፈውን ባለሱቁ ሊያነብለት ነበር። አባቴ እምቢ አለ። የሚሸጥ ሰው የሚያነብልኝን አላምንም ብሎ በባለሱቁ ስልክ ፎቶ አስነስቶ ለእኔ አስላከ፤ ጸሐፊዬ ታነብልኛለች ብሎ። ጸሐፊዬ ነው የሚለኝ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩትን ትምህርት እሱ ጨርሼዋለሁ ብሎ ነው የሚያስበው፣ ወይም እንደዚያ ማሰብ ይወዳል፣ ያቋረጥኩት በእሱ መታመም ስለሆነ። እኔ ዕረፍት ላይ ነበርኩ፣ በማሽኖቹ መሃል ባለች ጠባብ ኮሪደር ቆሜ ፎቶውን በሁለት ጣት ከፍቼ አነበብኩለት። በመስመርና በመስመር መካከል ስንት ጫማ፣ በአንድ ጉድጓድ ስንት ፍሬ፣ ማዳበሪያው ከዘሩ በየት በኩል። ሁለቴ አስደገመኝ። ከሥር፣ ከሁሉም በታች፣ በትንንሽ ፊደል፣ ከዚህ ዘር ከሚገኘው ምርት ላይ ዘር ወስዶ መልሶ መዝራት እንደማይገባ፣ ምርቱ እንደሚበላሽ፣ በየዓመቱ አዲስ መግዛት እንደሚያስፈልግ ተጽፏል። አነበብኩት። በልቤ አነበብኩት። አባቴ «አለቀ?» አለኝ። ከኋላው፣ ከሱቁ ደጅ፣ በሬ እምቧ ሲል ይሰማኛል። በየዓመቱ ግዛ ይላል ብዬ ባነብለት ፓኬቱን መልሶ ሱቁ ላይ ያስቀምጠው ነበር፣ አውቀዋለሁ፣ በየዓመቱ ከሰው የሚለመን ዘር ዘር ነው ወይ ይል ነበር፣ ያን ቀን ማታውኑ መሬቱን ይሰጥ ነበር። እስከ ከርሞ ነገሩ ይስተካከላል፣ ስድስት አረንጓዴ አለኝ፣ በየዓመቱ እኔ እልካለሁ፣ ሳያውቁት አዲስ ይዘራሉ። ይህን ሁሉ ያሰብኩት አንድ ትንፋሽ በምታህል ጊዜ ነው።

«አለቀ አባዬ» አልኩት።

በዚያ ዓመት እንዴት ያለ በቆሎ ሆነ። ልጄ በስልክ፣ ከእኔ ይበልጣል ስትለኝ ከቁመቷ መስሎኝ ነበር፣ ለካ አንዱ ራስ ከክንዷ ይበልጣል ማለቷ ነው። ልጄ እናቴን እማዬ ነው የምትላት፣ እኔን የስልኳ እማዬ። ከርሞ ሲደርስ ግን ሁለት አረንጓዴ፣ ፓኬቱ ዋጋው እጥፍ ሆኗል፣ ያውም ከተማው ሱቅ አልገባም፣ ይገባል እየተባለ ዝናቡ ሊጥል ነው። ደወልኩ። ያን ቀን ልነግራቸው ነው የደወልኩት፣ ይህን ቢያንስ እግዜር ያውቃል። እናቴ ስልኩን አንስታ አላስጀመረችኝም፣ ደስታዋ በጆሮዬ ሞላ። ዘሩን መረጥኩ አለችኝ። ከእርሻው ስትመርጥ ሦስት ቀን ፈጅታለች፣ ባለ ሁለት ራሱን አገዳ ብቻ፣ ከራሱም ጫፉንና ሥሩን ትታ የመሃሉን ወፍራም ፍሬ ብቻ፣ እንደ እናቷ፣ እንደ አያቷ፣ በጭስ አሰንብታ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ፍሬ በእጄ ገብቶ አያውቅም አለች። ጎረቤቱ ሁሉ ከእጅሽ ስጪን ብሎ መጥቷል፣ አምስት ቤት በጣሳ በጣሳ ወስዷል፣ እንደ ድሮው፣ የድሮው ዘር ሳይበላ በፊት እንደነበረው፣ እናቴ ጋ ሳይመጣ የሚዘራ አልነበረም፣ እጇ ይይዛል ይሏታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ደጇን ሳይረግጥ ኖራ አሁን ሲመጡላት ስትናገር እንደ ልጃገረድ ነው የምትስቀው። ኮሪደሩ ውስጥ ደወሉ ጮኸ፣ ጋሪው መጣ። ጎበዝ እማዬ አልኳት። በስተመጨረሻ መልቀቅ ነበረብኝ ወይስ መያዝ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ጎበዝ እማዬ ነው ያልኩት።

ከእሷ በወሰዱት አምስት ቤትም፣ በእኛም፣ ያ በቆሎ እንደዚያ ሆነ። አንዱ ረጅም አንዱ ድንክ። ዝናቡ ደህና ነው፣ ተባይ የለም፣ ሰው ግራ ገባው፣ ግራ የገባው ሰው ደግሞ የሚያላክክበትን አያጣም። መጀመሪያ አንዷ ጎረቤት፣ እናቴ ዘሩን ስትመርጥ አዝና ነበር አለች፣ ልጇ በሰው አገር ስለቀረች አለች፣ እኔን መሆኑ ነው። ከዚያ አንዱ እጅም እንደ ዓይን ይጠፋል አለ። ከዚያ ማንም ምንም አላለም፣ ያ ነው የከፋው፣ ሰላምታ ሲሰጧት እጇን መጨበጥ ትተው ራስ ይነቀንቁላታል። ይህን የነገረችኝ እሷ አይደለችም። አባቴ ነው፣ ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት፣ ሳይቆጣ፣ ስለ ታወረ በሬ እንደሚያወራ ሰው፤ የእናትሽ እጅ ተበላሸ፣ ዘንድሮ ዘር የምትመርጠው የወንድምሽ ሚስት ናት፣ ካሉት ጥቂት ደህና ራሶች ትመርጣለች፣ እናትሽ ጎተራውን አትንካው ብያለሁ። ደህና ከሚመስሉት። ከዚያው በቆሎ። ከርሞ ደግሞ ያው ሊበቅል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው አልጋዬ ጫፍ ላይ እንደቆምኩ ያወቅሁት፣ ሬዲዮ ምን ሆነሻል ትለኛለች፣ ምንም፣ ቤት ደህና ናቸው እላለሁ።

ለሬዲዮ ነግሬአት ነበር ግማሹን። ትንሽ አሰበችና፣ በእሷ ቤት ያሳወቀችው ሁሉ መልሶ እሷኑ እንደ ገረፋት፣ ሰው ከሩቅ ሆኖ እውነት ሲናገር ለመገላገል እንጂ ለሌላ እንዳልሆነ ነገረችኝ። ይሆናል። እኔ ግን ወደ በቆሎው ስገባ የማያት እሷን ነው፣ እጇን አጣምራ። ዘር እንዳይነካ የተከለከለ እጅ ምን ይደረጋል፣ የት ይቀመጣል። ልጄን እንኳ ስታጥብ ሰው ያይባት ይሆን። ብነግረው፣ ለአባቴ ብነግረው፣ እናቴ ትነጻለች። ነግሬው ዘር በየዓመቱ የሚገዛ መሆኑን ሲያውቅ ደግሞ፣ ፓኬቱ አሁን በሚሸጥበት ዋጋ፣ እኔ በሁለት አረንጓዴ፣ ያ መሬት ለሌላ አራሽ ይሄዳል፣ አባቴ በርጩማውን ይዞ ይወጣል። ወዲህ ሲሉት እናቴ፣ ወዲያ ሲሉት መሬቱ። አሥራ ሁለት ቀን እንዲህ እየገለበጥኩት ነው። ፀሐይዋ ከሆዴ ወርዳ ጉልበቴ ጋ ደርሳለች።

ተነስቼ ደወልኩ። እዚያ እኩለ ቀን ነው፣ አባቴ እርሻ ነው፣ እናቴ ብቻዋን ናት። አነሳች። ድምፄን ስትሰማ ታመሻል አለችኝ፣ አልታመምኩም አልኳት፣ ልጄን ጠየቅሁ፣ ጓሮ ናት አለች። ከዚያ ወጣኝ። ፓኬቱ ላይ የተጻፈ ነበረ እማዬ፣ ከሥር፣ አባዬ አለቀ ወይ ሲለኝ አላለቀም ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ ማልቀስ እፈልግ ነበር፣ አልመጣልኝም፣ ዓይኔ ደርቋል።

እናቴ ከስልኩ ዞር አለች። ዶሮ ስታባርር ሰማሁ፣ እሽ እሽ፣ ከዚያ በር ስትዘጋ።

«አውቄዋለሁ» አለች።

እንዴት እንዳወቀች ነገረችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ከወንዝ ማዶ ያለችው ሴት፣ ከእናቴ ጋር የማትስማማው፣ እሷም እኛ በገዛንበት ዓመት ያንኑ ፓኬት ገዝታ ነበር፣ በከርሞው እሷም ከራሷ ምርት ራሷ መርጣ ዘራች፣ ከእናቴ አንድ ፍሬ አልወሰደችም። ማሳዋን እናቴ በመንገድ ስታልፍ አየችው፤ ያው ነው፣ አንዱ ረጅም አንዱ ድንክ። «የሁለት ሴት እጅ በአንድ ክረምት አይጠፋም» አለችኝ። «ከዘሩ ነው ብዬ አሰብኩ። ከዘሩ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ይኖራል ብዬ አሰብኩ። ወረቀቱን ያነበበው ማን እንደሆነ ደግሞ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?»

 እናቴ እንደ ቤት ሥራ ትዘረዝርልኝ ጀመር፤ ከላይ አገር ያለችው የአጎቴ ሚስት የድሮውን በቆሎ እንዳልጨረሰችው፣ እናቴ ሁለት ዶሮ ይዛላት ሄዳ አንድ ቁና ሳይፈለፈል እንዳመጣች፣ በልጄ መኝታ ሥር እንዳለ፣ የወንድሜ ሚስት ዘሩን መርጣ ስትሰቅል እናቴ ሌሊት እንደምትለውጠው። አባቴ የሚዘራው ይኖረዋል፣ ትንሽ ነው የሚያፈራው፣ ግን ዘሩ የራሱ ነው፣ በዓመቱም መልሶ ይዘራል። የወንድሜ ሚስት እጇ ያዘ ይባላል። «ይባል» አለች እናቴ። «ልጅ ናት፣ ደስ ይላታል።»

ልንገረው እማዬ፣ አንቺን እንዲህ ሲሉሽ እንዴት ዝም እላለሁ አልኳት።

«እሱ የጠላው የእኔን እጅ ነው፣ መሬቱን አልጠላውም። እጅ ይለወጣል። አሁን ሄደሽ በየዓመቱ ግዛ ይላል ብትዪው በማግስቱ ይሄዳል። ደግሞ፣» አለችና ትንሽ ቆመች፣ «በዚህ አገር የቀረው ኩራት ልጄ ታነብልኛለች የሚለው ነው። እሱን አትውሰጅበት። እኔ እችለዋለሁ።»

በሩ ሲንኳኳ ሳይሆን ሲገፋ ሰማሁ። አባቴ ነው፣ ሞፈር ተሰብሮበት ተመልሷል። ማን ናት ሲል፣ ልጅህ ናት አለችው፣ ስልኩን ተቀበላት። ጸሐፊዬ አለኝ። ድምፁ ደክሟል። ደህንነቴን ጠየቀኝ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው አለኝ፣ ጥሩ ነው አልኩት። ከዚያ ራቅ ሳይል፣ እናቴ እዚያው አጠገቡ ቆማ፣ የስልኩንም ድምፅ ለሁሉ እንዲሰማ ለቆ፣ እሱ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚያወራው፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ አለኝ።

«ስለ ጎተራው እኔ ብነግራት ፊት ነሳችኝ። አልተቆጣችም፣ ግን አንጀቴን በላችው። ያንቺን ቃል ትሰማለች። የተማርሽ ነሽ። እጇን እንድታሳርፍ አንቺ ንገሪያት፣ ቀስ አድርገሽ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ጎረቤት ክፍል ውሃ እየፈሰሰ ነው። የእናቴ ትንፋሽ በስልኩ ይሰማኛል፣ ከአባቴ ትንፋሽ ለይቼ አውቀዋለሁ፣ እየጠበቀች ነው።

«እማዬ» አልኩ።

«ወይ ልጄ።»

«ብዙ ዘመን ደክመሻል። የዘሩን ነገር ለእሷ ተዪላት። እጅሽን አሳርፊ።»

«እሺ የኔ እናት» አለች እናቴ። «እውነትሽን ነው፤ ደክሞኝም ነበር።» ከልቧ የምትለው አስመስላ አለችው፣ አባቴ እፎይ ሲል ሰማሁ፣ እኔም አመንኳት።